«ሆድ ይፍጀው» ስለሚባለው ክፉ ምክር

በኢትዮጵያ ለተጨነቀ ሰው ከሚሰጡት ምክሮች ሁሉ እጅግ የተለመደው «ሆድ ይፍጀው» የሚለው ነው። ምክሩ የትዕግሥትን ልብስ ስለ ለበሰ መልካም ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ሰውን ከነጭንቀቱ ብቻውን የሚተው ምክር ሆኖ ይገኛል። ሆድ እህልን ይፈጫል እንጂ ሐዘንን አይፈጭም። የተዋጠ ሐዘን አንድ ጊዜ በእንቅልፍ ማጣት፥ አንድ ጊዜ በመጠጥ፥ አንድ ጊዜ በቍጣ፥ ከሁሉም በከፋው ጊዜ ደግሞ ራስን በመግደል ይወጣል። ይኸው ሕዝብ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብሎ ይተርታል። ታዲያ ተረቱ ለሥጋ ደዌ ሲሆን እውነት፥ ለልቡና ደዌ ሲሆን ሐሰት የሚሆነው ስለ ምንድር ነው?

ወደ ሥነ ልቡና ዐዋቂ የሚሄድ ሰው እብድ ብቻ ነው የሚለው አሳብ በከተማም በባላገርም ሥር ሰድዷል። ይህ አሳብ ሁለት ሙያዎችን ከማደባለቅ የመጣ ነው። የአእምሮ ሐኪም የሚባለው የሕክምና ትምህርት ጨርሶ፥ በሽታውን መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ ነው። ሥነ ልቡና ዐዋቂ ግን በጥያቄና በንግግር የሚሠራ፥ የተጨነቀው ሰው አሳቡንና ልማዱን ለይቶ እንዲያውቅ፥ ፍርሃቱንም ቀስ በቀስ እንዲያሸንፍ የሚያለማምድ፥ መድኃኒት የሚያሻውን አውቆ ወደ ሐኪም የሚሰድድ ባለሙያ ነው። እግሩ ወለም ያለው ሰው አጥንቱ እስኪሰበር ሳይጠብቅ ወደ ወጌሻ ይሄዳል፤ ስለ ሄደም ማንም ሽባ ብሎ አይሰድበውም። ልቡ ወለም ላለው ሰው ግን መሄድ ነውር፥ መቅረት ጨዋነት ሆኖ ተቈጥሯል።

ጀርመን ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ኤሪክ ኤሪክሰን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዕድሜ ከሕፃንነት እስከ እርጅና በ8 ደረጃ ከፍሎ፥ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ፈተና እንዳለው አስረዳ። ይህ ትምህርት ባሕር ማዶ የሚቀር አይደለም፤ በጋሞ ዞን በካምባ የሚኖር ሰውም በዚያው መሰላል ይወጣል።

ከሕፃንነት እንጀምር። ከጋሞ ደጋ ብዙ ወንዶች ልጆች ለሽመና ሥራ እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ መወሰዳቸው፥ ከወላጅ ተለይተውም ከማለዳ እስከ ሌሊት በሸማ ዕቃ ሥር መዋላቸው በሰፊው የታወቀ ነገር ነው። ከነዚህ አንዱ ወደ አገሩ ቢመለስ ቤተ ሰቡ ያበላዋል፥ ያለብሰዋል፥ ዳነ ብሎም ደስ ይለዋል። ልጁ ግን ሌሊት ይባንናል፥ በትምህርት ቤት አንደበቱ ይያዛል፤ ምክንያቱን የሚጠይቅ ስለሌለም «ሰነፍ» ተብሎ ይገረፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአእምሮ ደዌዎች ሲሶው ሰው 14 ዓመት ሳይሞላው እንደሚጀምር ያስተምራል። እንግዲህ በልጅነት ያልተጠየቀው ቍስል በጐልማስነት ቢያመረቅዝ የሚያስደንቅ አይደለም።

ወደ ወጣትነት ሲወጣ ሌላ ፈተና ይቈየዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች እኩሌታውንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከ100 እጅ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ሆኑ። ስለ መምህራን፥ ስለ መጻሕፍት፥ ስለ ኵረጃ ብዙ ተባለ፤ ተገቢም ነበር። ነገር ግን የ12 ዓመት ድካሙ በአንድ ቀን ከንቱ የሆነበት፥ ወላጆቹ በሬ ሸጠው ያስተማሩት ወጣት፥ ከቀሩት 97 ያህል አንዱ፥ ውጤቱን በሰማባት ሌሊት ከማን ጋር ተነጋገረ? «አይዞህ፥ ወንድ ልጅ አያለቅስም» ማለት ከመካሪነት የሚቈጠር አይደለም፤ የልጁን አፍ መክደን ነው።

እናቲቱም አለች። የዓለም ጤና ድርጅት በድሃ አገሮች ከሚወልዱ ሴቶች ከ100 እጅ 20 ያህሉ ከወሊድ በኋላ በአእምሮ ደዌ፥ ይልቁንም በከባድ ትካዜ እንደሚያዙ ይገልጣል። በኢትዮጵያ ቤት ለአራስ ገንፎ ይገነፋል፥ ጎረቤት ይሰበሰባል፥ እልል ይባላል። በዚያ ሁሉ እልልታ መካከል የምታለቅሰው ግን የእግዚአብሔርን ስጦታ ያልተቀበለች ምስጋና ቢስ ትባላለች፤ ወይም መንፈስ ለከፋት ይባላል። እርስዋም ይህን ፈርታ ትስቃለች፤ ሕፃኑም ልቧ በሌለበት ጡት ይጠባል።

ጐልማሳም ቢሆን ከመከራ አያመልጥም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤቱ የጎፋ ዞን፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራው ተንዶ ሰው ቀበረ፤ የተቀበሩትን ሊያወጡ የተሰበሰቡትንም ሁለተኛው ናዳ ደፈናቸው። ከ200 የሚበልጥ ሰው ሞተ። ካምባም የተራራ አገር ናትና ይህን ሐዘን ከሩቅ እንደ ተሰማ ወሬ አታየውም። በእንዲህ ያለ ቀን ድንኳን፥ እህልና ብርድ ልብስ ማምጣት ቅዱስ ሥራ ነው። ብርድ ልብስ ሌሊቱን ያሞቃል፤ «ሁሉም ሲያልቁ እኔ ስለ ምን ተረፍሁ?» እያለ ለሚያድር ሰው ግን መልስ አይሆነውም።

በመጨረሻም ሽማግሌው፥ ሚስቱን የቀበረ፥ ልጆቹ ወደ ከተማ የሄዱበት፥ ስሙን መርሳት ሲጀምር «ጃጀ» ተብሎ ጥግ የሚሰጠው ሰው አለ። የርሱ ትካዜ ከዕድሜው ጋር የተወለደ ይመስል ማንም አይመረምረውም።

ይህ ሁሉ ሲነገር ሦስት ተቃዋሚዎች ይነሣሉ። ፊተኛው «የንስሐ አባት ካለ ሌላ ምን ያሻል?» ይላል። ንስሐ የኀጢአት መድኃኒት ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን በሸማኔው ቤት የተገረፈው ሕፃን ምን ኀጢአት ሠራ? አራሷስ? ከናዳው የተረፈውስ? ሐዘን ኀጢአት አይደለም። ለታመመው ሁሉ ንስሐ ብቻ የሚያዝ ሰው ሳያስበው የታመመውን ሁሉ ኀጢአተኛ ያደርገዋል። ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ከዛፍ በታች ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንቅልፉን ተወለት፥ እንጀራና ውሃ ሰጠው፥ ደግሞም ቀሰቀሰው፤ ተልእኮው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪም ከእግዚአብሔር የተሰጠ ስለሆነ እንዲከበር ያዝዛል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ማስታወቃቸው ይታወሳል። ለደም ደዌ የተፈቀደው አንድነት ለልቡና ደዌ የሚከለከልበት ምክንያት ከቶ አይገኝም። ይልቁንም የሺሕ ሰው ሸክም ሲሰማ የኖረ ካህን ራሱ ሸክሙን የሚያወርድበት ትከሻ እንደሚያሻው ቢታሰብ፥ ሥነ ልቡና ዐዋቂ የካህኑ ባልንጀራ እንጂ ተፎካካሪ አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃዋሚ «የጋሞ ሽማግሌ ይበቃል» ይላል። የጋሞ ሽማግሌዎች ክብር በኢትዮጵያ ሁሉ የታወቀ ነው፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ የተቈጣውን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው፥ ተንበርክከው መመለሳቸው አይረሳም። ነገር ግን ሽምግልና የሚሠራው ሁለት ባላጋራዎች ባሉበት ነው። ከራሱ ጋር የተጣላ ሰው ባላጋራውን በዱቡሻ ፊት እንዴት አድርጎ ያቆመዋል? ደግሞም በአደባባይ የሚነገር ምስጢር ምስጢርነቱ ይቀራል። ጎሜ የሚባለውን እምነት ብንመለከት፥ ደዌና መቅሠፍት የመጣው ሥርዓት በመተላለፍ ነው እየተባለ የታመመው ሰው ምን እንዳደረገ ሲጠየቅ ኖሯል። እምነቱን መቀበል ግድ አይደለም፤ ነገር ግን የጋሞ ሰው ሲታመም የሚጠይቀውና የሚሰማው ሰው መሻቱ ከጥንት የነበረ መሆኑን ያስረዳል። እንግዲህ መጠየቅ ባዕድ ሥራ አይደለም፤ አዲስ የሚሆነው ሳይፈርዱ መጠየቅ ነው።

ሦስተኛው «ይህ የሀብታም ቅንጦት ነው፤ ባለሙያውስ የት አለ?» ይላል። የባለሙያው ማነስ እውነት ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ለአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ድህነት ሰበብ እንደማይሆን ዚምባብዌ አሳይታለች። ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም በሐራሬ አሮጊቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡ፤ የተጨነቀ ሰው ሁሉ እየመጣ ከአሮጊቲቱ ጋር ይነጋገራል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2016 የታተመው ምርመራ በነዚያ ወንበሮች የተቀመጡት ከ6 ወር በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ ቀልሏቸው እንደ ተገኙ መሰከረ። ለዚህ ወንበርና የሠለጠነ ጆሮ ያሻል እንጂ ሕንፃ አያሻም። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፥ በባለሙያ ሠልጥነውና በባለሙያ እየተጠበቁ፥ የመጀመሪያዎቹ ጆሮዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሳይማር ስሙን ብቻ ለጥፎ ገንዘብ የሚሰበስበውን ግን ፈቃድ ጠይቆ መከልከል የሹማምንት ግዴታ ነው።

ስለዚህ የካምባና የአካባቢዋ ሹማምንት፥ ካህናትና የትምህርት ቤት አለቆች ሊጠየቁበት የሚገባው ነገር ግልጥ ነው። በጋሞኛ የሚሰማ ባለሙያ ለወረዳው ይመደብ፤ የካምባ እናት ልቧን ለመክፈት አስተርጓሚ ይዛ ወደ አርባ ምንጭ እንድትወርድ አይፈረድባት። መምህር ልጅን ከመግረፉ በፊት ይጠይቅ። አዋላጅ የሕፃኑን ክብደት ስትመዝን የእናቲቱን እንባ አትለፍ። ካህንም የንስሐ ልጁን ነገር ሰምቶ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት «ሆድ ይፍጀው» በማለት ፈንታ «ና፥ አብረን እንሂድ» ይበለው። ይህች ቃል በጀት አታስወጣም፤ ከነገው እሑድ ጀምሮም ልትነገር ትችላለች።