ካርቡራተሩን ከመፍታታችሁ በፊት

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ሳሎንና ስለ ጓዳ ነው፤ ዛሬ ግን ወደ ግቢ ወጥተን የቮልሳችንን የኋላ ክዳን እንከፍታለን። እህቶች፣ ገጹን ቶሎ አትግለጡት! ይህ ጉዳይ የእናንተም ጆሮ ያስፈልገዋል።

የእኛዋ በ1972 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ባለ 1600 ሞተር ቮልስ ናት፤ ከአባቴ የቀረችልን። አንድ ክረምት ላይ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ጥፍት ማለት ጀመረች። ስትሄድ ደህና ናት፤ ትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ትጠፋለች። ከኋላ ክላክስ፣ ከውስጥ የልጆች ጩኸት። እኔ «እግርህን አታንሣ!» እላለሁ፤ ባለቤቴ ዝም ይላል። እሱ ዝም አለ ማለት ተቆጥቷል ማለት ነው። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት፤ «ካርቡራተሩ አልቋል» ተባልን። የወር ቤት ኪራይ የሚያህል ገንዘብ ከፍለን ሌላ ተገጠመላት። በሦስተኛው ቀን እዚያው መብራት ላይ ጠፋች። «እንሽጣት»፣ «የአባቴ ዕቃ አይሸጥም» ተባብለን ሁለት ሳምንት ተኳረፍን።

መፍትሔውን ያገኙልን ጡረታ የወጡ አንድ መካኒክ ናቸው። መፍቻ እንኳ አላነሡም። ባለቤቴን «ልጄ፣ ሞተሩን ሳታስነሣ ቁልፉን ብቻ ክፈት» አሉት። እኔን ደግሞ «ነይ፣ አንቺ ጆሮሽን አስጠጊ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ምንም አይሰማኝም» አልኳቸው። ለካስ ችግሩ እሱ ኖሯል! በዚህ ዓይነቱ የሶሌክስ ካርቡራተር ጎን ላይ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ትንሽ ቫልቭ አለች። ቁልፍ ሲከፈት «ጠቅ» ብላ፣ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ የሚጠጣውን ቤንዚን ታሳልፋለች፤ ኤሌክትሪክ ካልደረሳት መንገዱን ዘግታ ትቀመጣለች። የሽቦዋ ጫፍ ላልቶ ነበር። በፒንሳ ጠበቅ አደረጉት፤ አለቀ።

ከዚያ ቡና እየጠጡ ያስተማሩንን ላካፍላችሁ። መጀመሪያ የሚታየው ካርቡራተሩ ሳይሆን ካንዴላውና ፑንቲናው ነው፤ የእሳት ችግር ብዙ ጊዜ የቤንዚን ችግር ይመስላል። የካንዴላው ጫፍ ቡናማ ከሆነ ደግ ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፣ ወይም አየር በሌላ በኩል ይገባል፤ ከካርቡራተሩ በታች ያሉት የላስቲክ ማያያዣዎች መሰንጠቃቸውን ተመልከቱ። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ካርቡራተር ደግሞ ይህን ዐውቆ ራሱን አያስተካክልም። ለባሕር ዳርቻ አገር የተቀደደችው የነሐስ ቀዳዳ እዚህ ታበዛለች፤ በአነስተኛ መለወጥ ነው። (ወደ ድሬዳዋ የምትወርዱ ግን መልሳችሁ አስተካክሉ።) ቮልሷ ሞቃ እንኳ ጥቁር ጭስ ካልተዋት የአየር ማጣሪያውን አንሡና ከላይ ያለችውን ክዳን እዩ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ቀጥ ብላ መቆም አለባት።

ቤንዚን መድረሱን ለማወቅም ቀላል መንገድ አለ። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ አንዱ ነዳጅ መስጫውን ይርገጥ፣ ሌላው ከላይ ይመልከት። ቀጭን የቤንዚን ፍንጣቂ ከታየ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን አለ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ታይቶ ችግሩ ካልተገኘ ያን ጊዜ ይፈታ። ቀዳዳዎቹ በአየር ይነፉ እንጂ በሽቦ አይጎርጎሩ፤ ይሰፋሉ።

አንድ ነገር ግን ለነገ አትበሉ። የቤንዚን ሽታ ከመጣ ሞተሩን አጥፉ፣ ልጆቹን አውርዱ። ያረጀ የቤንዚን ጎማ ይሰነጠቅና በጋለ ሞተር ላይ ያንጠባጥባል፤ ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህ ነው። የጎማው ዋጋ ደግሞ ከካርቡራተር ጋር አይወዳደርም።

ጋራዥ ስትሄዱ ደግሞ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ። እኛ አልተቀበልንም። ደህና የነበረው የአባቴ ካርቡራተር ዛሬ በማን ቮልስ ላይ እንደሚሠራ አላውቅም።