መቍጠርና ቍጥርን ማወቅ

ልጁ ከአንድ እስከ መቶ ያለውን ቍጥር በቃሉ ሲወጣው ሰምቶ የማይደሰት ወላጅ የለም። መምህርቷ ትመሰገናለች፤ ትምህርት ቤቱም ስም ያገኛል። ነገር ግን ያንኑ ልጅ ከጠጠር ክምር ፊት አስቀምጠን «አምስት ስጠኝ» ብንለው፤ ሳይቈጥር እፍኙን ሞልቶ የሚሰጠን ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ልጁ የያዘው የቍጥሮችን ስም እንጂ ቍጥርን እንዳልሆነ እንረዳለን።

ይህ ነገር ዛሬ ለመምህራን ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ አንደኛ ደረጃን ትምህርት ሁለት ዓመት አድርጎታል። ከዚያ ቀደም በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቅጥር ግቢ የተስፋፋው «ኦ ክፍል» የአንድ ዓመት ነበር። ዓመት መጨመሩ መልካም ነው። ነገር ግን ሕፃናቱ የቀድሞውን ዜማ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚደጋግሙ ከሆነ፤ የተጨመረው ጊዜ እንጂ ዕውቀት አይደለም።

የጉዳዩን ክብደት የሚያመለክት ማስረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ግሬግ ዳንካንና ባልደረቦቹ በውጭ አገር የተደረጉ ስድስት የረጅም ጊዜ ጥናቶችን አመሳክረው ነበር። ሕፃናት ትምህርት ቤት ሲገቡ ካላቸው ችሎታ ሁሉ የኋላ ውጤታቸውን አብልጦ የሚያመለክተው የሂሳብ ችሎታቸው ሆኖ አገኙት።

ታዲያ ቍጥርን ማወቅ ምንድን ነው? ሮሼል ጌልማንና ራንዲ ጋሊስተል የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ መቍጠር አምስት ሕግጋት እንዳሉት አስረድተዋል። እነዚህም፤ ለአንድ ነገር አንድ ስም ብቻ መስጠት፤ ስሞቹን ምን ጊዜም በአንድ ቅደም ተከተል መጥራት፤ መጨረሻ የተጠራው ቍጥር የክምሩ ብዛት መሆኑን ማወቅ፤ ማንኛውም ዐይነት ነገር ሊቈጠር እንደሚችል መረዳት፤ ከየትኛውም ጫፍ ቢጀመር ብዛቱ እንደማይለወጥ ማስተዋል ናቸው። በኅብረት የሚዜመው ቍጥር ከአምስቱ የሚያስተምረው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ዜማው ይቅር አንልም። ይልቁንም ቋንቋችን በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። «አሥራ አንድ» ስንል አሥርና አንድ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል፤ የእንግሊዝኛው «ኢለቨን» ግን ይህን ይሰውራል። ሆኖም ልጁ አንድ እስር ዐሥር እንጨትና አንድ ነጠላ እንጨት አጠገብ ለአጠገብ ካላየ፤ ቃሉ የያዘውን ምስጢር ሳያስተውለው ያልፋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው በየቀኑ ዐሥር ደቂቃ ያህል ነው። ጧት እያንዳንዱ ልጅ ሲገባ አንድ ጠጠር በቅርጫት ይጣል፤ ስንት እንደ መጡና ስንት እንደ ቀሩ ይነገር። ምገባ ባለበት ትምህርት ቤት ኩባያውን ሕፃናቱ ራሳቸው ያድሉ። መምህርቷ ሦስት ወይም አራት ጠጠር በመዳፏ አሳይታ ቶሎ ትጨብጥና ስንት እንደ ነበሩ ትጠይቅ። ሌላ ቀን አምስት ጠጠር አሳይታ ሁለቱን ትደብቅና የተደበቀው ስንት እንደ ሆነ ልጆቹ ይናገሩ። ገበጣና ቅልብልቦሽም በየመንደሩ ያሉ የቍጥር ትምህርት ቤቶች ናቸው። በገበጣ ጠጠሩን በየጕድጓዱ አንድ በአንድ እየጣለ የሚሄድ ልጅ የመጀመሪያውን ሕግ በእጁ ይማራል።

ጨዋታ ዋዛ የሚመስለው ሰው ቢኖር፤ ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር በአሜሪካ ያደረጉትንና እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙትን ጥናት ይመልከት። ከድኻ ቤተ ሰብ የመጡ ሕፃናት ከ1 እስከ 10 ቍጥር በተጻፈበት ገበታ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፤ በየጊዜውም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ ተጫውተው የቍጥር ዕውቀታቸው ተሻሻለ። ቍጥር በሌለበት ባለቀለም ገበታ የተጫወቱት ግን እንዲህ ያለ መሻሻል አላሳዩም።

ክፍሉ ጠባብ፤ ሕፃናቱም ብዙ ናቸው የሚል ክርክር ይነሣል። እውነት ነው፤ ዜማውም የጸናው ብዙ ልጆችን ባንድ ድምፅ ለመያዝ ስለሚያመች ነው። ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። መምህርቷ ብቻዋን ከማሳየት ፈንታ ጠጠሩ በየልጁ እጅ ቢገባና ሕፃናቱ ሁለት ሁለት ሆነው ቢጠያየቁ፤ ሸክሙ ይቃለላል።

ይህን ገጽ ከሚያነቡት ወጣቶች መካከል ነገ በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚቀመጡ፤ ትምህርት ቤት እየዞሩም የሚቈጣጠሩ አሉ። መምህር የሚደክመው በሚጠየቅበት ነገር ነው። ተቈጣጣሪው «እስከ ስንት ይቈጥራሉ?» ብሎ ከጠየቀ ክፍሉ ሁሉ ያዜማል። ጠጠር ዘርግቶ «እስቲ ሰባት ስጠኝ» ካለ ግን መምህርቷም በማግሥቱ ጠጠር መልቀም ትጀምራለች። ስለዚህ የተጨመረው ዓመት ፍሬ እንዲያፈራ፤ አስቀድመን ጥያቄያችንን እንለውጥ እንላለን።