ሕግ ከአውድማ እስኪደርስ

የአገር ሀብት ምንጩ መሬት፣ የመሬትም ሀብት ምንጩ የገበሬው ክንድ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ገበሬው አጥልቆ የሚያርሰው፣ እርከን የሚሠራውና ፍግ የሚያፈሰው ከድካሙ ምን ያህሉ ለራሱ እንደሚቀር አስቀድሞ ሲያውቅ ነው። ድርሻው ያልታወቀለት ሰው ለዓመቱ ብቻ ያርሳል፤ ድርሻው የታወቀለት ግን ለልጁ ጭምር ያርሳል። ስለዚህ የአራሹን ድርሻ በሕግ ማጽናት የርኅራኄ ሥራ ብቻ ሳይሆን የመንግሥትን ግምጃ ቤት የሚሞላ ጥበብ ነው።

ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት በ47ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ ዮሴፍ በረኃቡ ዘመን የግብፅን መሬት ለፈርዖን ከገዛ በኋላ፣ ከመከሩ ከአምስት እጅ አንዱ ለፈርዖን እንዲገባ፣ አራቱ ግን ለዘርና ለምግብ ለሕዝቡ እንዲቀር ሥርዐት አቆመ። ይህም ሕዝቡ ገንዘቡንና ከብቱን ጨርሶ ራሱን ለባርነት በሰጠበት ሰዓት የተደረገ ነው። በኢትዮጵያ ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የባለመሬቱ ድርሻ ከአራት እጅ ሦስቱን እንዳያልፍ ሲከለክል፣ ይህ ለጭሰኛው እንደ ጥበቃ ተቈጠረ። ለፈርዖን ባሪያ ከአምስት አራት እጅ ሲቀርለት፣ ነጻ ለተባለው ጭሰኛ ከአራት አንድ እጅ ብቻ እንዲቀርለት ሕግ ፈቀደ ማለት ነው። አስተዋይ ሰው ይህን አይቶ ፍርዱን ይስጥ።

ሕጉ መልካም በነበረበት ጊዜም ቢሆን ከመንገድ ቀርቷል። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ፣ በተለካው አገር ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 50 ብር፣ ለለም ጠፍ 40 ብር፣ ለጠፍ 15 ብር እንዲከፈል ታዘዘ። ከዚህ ውስጥ 35፣ 30 እና 10 ብሩ በዐሥራት ፈንታ የሚገባ ነበረ። ከፋዩም ባለመሬቱ ነበረ። በብዙ ስፍራ ግን ባለመሬቱ ለመንግሥት የተቈረጠውን ብር እየከፈለ፣ ከጭሰኛው የእህሉን ዐሥራት እንደ ቀድሞው በዓይነት ይሰበስብ ነበር። ለምሳሌ ከአንድ ለም ጋሻ 120 ኩንታል ቢገኝ፣ ዐሥራቱ 12 ኩንታል ይሆናል። የ12 ኩንታል ዋጋ ከ35 ብር በበለጠ መጠን፣ ብልጫው ለመንግሥትም ለገበሬውም ሳይሆን ለመካከለኛው ሰው ቀረ። ገበሬውን ያላቀለለ፣ ግምጃ ቤቱንም ያልሞላ ሕግ ማን ይጠቀምበታል?

በ1960 ዓ.ም. ዐሥራት ቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር ሲታዘዝ፣ አሳቡ ብዙ ያገኘ ብዙ፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት ይክፈል የሚል ትክክለኛ አሳብ ነበረ። ነገር ግን ሕዝቡ አስቀድሞ በሚገባ ሳይረዳው ገማቾች በየቦታው ስለ ተላኩ፣ የጎጃም ገበሬ ርስቴ ሊለካና ሊወሰድ ነው ብሎ ሸፈተ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ያልተገለጠ ፍትሕ በሕዝብ ዓይን ግፍ ሆኖ እንደሚታይ ነው።

በዚያው ዘመን በጭላሎ አውራጃ ከስዊድን መንግሥት ጋራ በተቋቋመው የእርሻ ልማት ሥራ፣ የተመረጠ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ለትንንሽ ገበሬዎች ቀረበ፤ ምርቱም ከፍ አለ። መሬቱ ትርፍ እንደሚሰጥ የተመለከቱ ባለመሬቶች ግን ትራክተር አምጥተው ጭሰኞቻቸውን አስነሡ። የጭሰኛውን መብት የሚያጸናው ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ ቀርቦ ሳይጸድቅ በመቅረቱ፣ ዘሩና ማዳበሪያው ለተጠራለት ሰው መፈናቀያ ሆነበት። ዕውቀት ያለ ዋስትና እንዲህ ነው።

በጊዜው ያልተሰጠ ጥቂት፣ ጊዜው ሲያልፍ ሁሉን ያስከፍላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ አደረገ፤ የአንድ ቤተ ሰብ ይዞታ ከ10 ሔክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ጭሰኝነትንም ሻረ። ነገር ግን ገበሬው ከባለመሬቱ ቀንበር ወጥቶ በእህል ኮታ ሥር ወደቀ፤ እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ከምርቱ የታዘዘውን ያህል በተቈረጠ ዋጋ ለመንግሥት ያስረክብ ነበር። ጌታው ተለወጠ እንጂ ድርሻውን የሚወስነው አሁንም ሌላ ሰው ነበረ።

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው፤ አሁን ባለርስትም ጭሰኛም የለም ይላሉ። እውነት ነው፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል፤ ገበሬውም የይዞታ ደብተር ይዟል። ነገር ግን በሬ የሌላት መበለት፣ ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ይሰጣሉ፤ መሬት ያልደረሰውም ወጣት የሰው መሬት ያርሳል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የኪራይ ውል ሥልጣን ባለው አካል ጸድቆ እንዲመዘገብ አዝዞ ነበር፤ ይህም ዐዋጅ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። ውሉ ግን ዛሬም ብዙ ጊዜ በቃል ብቻ ያልቃል። በቃል ያለቀ ውል ሲካድ፣ አንድ ጊዜ መበለቲቱ፣ ሌላ ጊዜ ወጣቱ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ሁለቱም ድኾች ናቸውና ለክርክር የሚሆን ስንቅ የላቸውም።

ስለዚህ የወረዳና የቀበሌ ሹም ሥራ ዐዋጅ ተቀብሎ በመዝገብ ቤት ማስቀመጥ ብቻ አይደለም። ዘር ሳይዘራ አስቀድሞ ሁለቱን ወገኖች ጠርቶ፣ የዘሩ ወጪ በማን እንደ ሆነ፣ የመከሩ ድርሻ ስንት እንደ ሆነ፣ ውሉ ስንት ዓመት እንደሚቈይ ማስጻፍ፤ ማንበብ ለማይችለው ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ፤ ለሁለቱም ግልባጭ መስጠት ይገባዋል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ወረቀትና አንድ ቅን ሹም ይበቃዋል። መሬትን ለሌላ የሚሰጥ ባለይዞታም ውሉን በማስጻፉ የሚጐዳ አይምሰለው፤ ለሦስት ዓመት የታመነ አራሽ መሬቱን እንደ ራሱ ይጠብቅለታልና።

ሕግ የሚፈጸመው በታተመበት ቀን ሳይሆን በአውድማው ላይ እህሉ ሲሰፈር ነው። በዚያ ሰዓት አራሹ ድርሻውን ያለ ፍርሃት ተቀብሎ ወደ ጎተራው ቢወስድ፣ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ በዚያው ቀን ተጀመረ ማለት ነው።