ምክር ቤቱ በመስከረም ይከፈታል፤ ገበያውስ?

የምርጫ ዓመት በመጣ ቁጥር ከአስኮ እስከ ቡራዩ መግቢያ ባለው የአምቦ መንገድ ግራና ቀኝ አንዲት ቃል ከሰው አፍ አትጠፋም፤ «ይለፍ»። ቦታ ለመግዛት ቀብድ የያዘው «እስቲ ምርጫው ይለፍ» ይላል። መጋዘን ሊከራይ የመጣውም ይህንኑ ይደግማል። ብረትና ቆርቆሮ ነጋዴው ኤልሲ ሊከፍትበት ያሰበውን ብር ባንክ ውስጥ ያሳድራል፤ ደላላው ኮሚሽኑን በምኞት ይቆጥራል። ለመሆኑ ይለፍ የሚባለው የትኛው ቀን ነው? ድምፅ የሚሰጥበት? ውጤቱ ጸድቆ የሚታወጅበት? ወይስ አዲሱ ምክር ቤት ወንበሩን የሚይዝበት? የእኛ ነጋዴ ሦስቱን እንደ አንድ ቀን ይቆጥራቸዋል። ገንዘቡ ታስሮ የሚከርመው ግን በሦስቱ መካከል ነው።

ስለ መክፈቻው ቀን ሕጉ ግልጽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ጊዜ ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 እንደሆነ፣ የአዲሱ ምርጫም የነባሩ ዘመን ከማብቃቱ ከአንድ ወር በፊት መጠናቀቅ እንዳለበት ይደነግጋል። የመንግሥት በጀት ዓመት ግን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ምርጫው በግንቦት ወይም በሰኔ ከተካሄደ፣ አዲሶቹ ተመራጮች የሚኖሩበትን በጀት የሚያጸድቁላቸው ተሰናባቾቹ ናቸው ማለት ነው።

የስድስተኛውን ጠቅላላ ምርጫ እንውሰድ። ለነሐሴ 2012 ታቅዶ የነበረው በኮሮና ምክንያት ቀረ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ሰኔ 3 ቀን 2012 የነባሩን ምክር ቤት ዘመን አራዘመ። በመጨረሻ ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነው። በወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ይመራ የነበረው ምርጫ ቦርድ ሐምሌ 3 ቀን ውጤቱን አወጀ፤ በ19 ቀን መሆኑ ነው። ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን ወሰደ። አዲሱ ምክር ቤት የተከፈተው መስከረም 24 ቀን 2014፣ በዕለተ ሰኞ ነበር። በመካከሉ 86 ቀን አለ።

የ2014ን የ561.7 ቢሊዮን ብር በጀት ያጸደቀው ተሰናባቹ ምክር ቤት ነው፤ ያውም ውጤቱ ሊታወጅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት። አዲሱ ምክር ቤት በጥር 2014 የ122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። በእርግጥ መካከል ላይ ጦርነት ነበር፤ ሁሉንም በካሌንደር ላይ ማሳበብ አይቻልም። ሆኖም በሐምሌ ሂሳቡን የሠራ አስመጪ በጥር ሌላ ሂሳብ ገጠመው። መክፈቻው በተካሄደበት በዚያው ሳምንትም በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ለሁለት ተከፈለ። ንግዱ ከቀጠናዊ ትስስር ጋር ሄደ፤ ኢንዱስትሪው ለብቻው ቆመ። ጉዳዩ በአንዱ በር የገባለት ሰው በየትኛው እንደሚወጣለት ለማወቅ መጠየቅ ነበረበት። ፈቃድና ደብዳቤ ጠባቂው ነጋዴ ስለ አሸናፊው ከሚያወራው ይልቅ ስለዚህ ቢያወራ በተሻለው ነበር።

ከዚህ የባሰውን አዲስ አበባ በ1997 አይታዋለች። ግንቦት 7 ድምፅ ተሰጠ። ኢሕአዴግም ተቃዋሚዎቹም አሸነፍን አሉ። አቤቱታ ተሰማ፣ በሰኔ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ሱቆች ተዘጉ፤ ነሐሴ 15 ቀን በሶማሌ ክልልና በ31 የምርጫ ክልሎች ድምፅ ተሰጠ። የመጨረሻው ውጤት የታወጀው ነሐሴ 30 ነው፤ ከምርጫው ቀን 113 ቀን ቆይቶ። ምክር ቤቱ ግን መስከረም 30 ቀን 1998፣ በሕጉ ሰኞ ተከፈተ። ለፌዴራሉ መንግሥት ቀኑ አልተዛነፈም።

የከተማዋ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ከ138ቱ የአዲስ አበባ ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን ያሸነፈው ቅንጅት ከተማዋን ሳይረከብ ቀረ፤ ምክር ቤቱም ሳይሰበሰብ ቀረ። በግንቦት 1998 በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባላደራ አስተዳደር ተሾመ። ከተማዋ የተመረጠ ምክር ቤት ያገኘችው ከሚያዝያ 2000ው ምርጫ በኋላ ነው። የጸደቀ ውጤት አለ፣ የተቀመጠ ሰው የለም! ለአስኮ ነጋዴ ይህ የፖለቲካ ወሬ ብቻ አይደለም። ሊዙ፣ ካርታው፣ የንግድ ፈቃዱ የሚመጣው ከፓርላማው ሳይሆን ከከተማው ነውና። መንገዱን ተከትሎ ቡራዩ የገባ እንደሆነ ደግሞ ሌላ ምክር ቤት አለ፤ ከ2015 ወዲህ ቡራዩ የሸገር ከተማ አካል ስለሆነ ጉዳዩ ወደ ኦሮሚያ ጨፌ ይሄዳል። አስኮ ሱቅ፣ ቡራዩ መጋዘን ያለው ሰው ፓርላማውን ሳይጨምር የሁለት ምክር ቤቶችን መክፈቻ መከታተል አለበት።

«ታዲያ ውጤቱ ቶሎ ይጽደቅና እንገላገል» የሚል አይጠፋም። ይህ ጸሐፊ በዚህ አይስማማም። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 2017 ድምፅ ሰጥታ በሦስተኛው ቀን ውጤት አወጀች፤ ሴፕቴምበር 1 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ሻረው፤ የናይሮቢ የአክሲዮን ግብይትም በዚያው ዕለት ለጊዜው ተቋረጠ። የድጋሚው ምርጫ ኦክቶበር 26 ቀን ተካሄደ። በሦስት ቀን የተገኘው ፍጥነት ሁለት ወር ተኩል አስከፈለ። ለገበያ የሚበጀው አስቀድሞ የተነገረና የማይነቃነቅ ቀን ነው፤ አቤቱታ ማሰሚያው ጊዜ ረዘም ቢል እንኳ ነጋዴ መቁጠር ይችላል። ቁጥር የሌለውን ቀን ግን ማን ይቆጥረዋል?

እኛም ከጥር 2017 ወዲህ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ አለን። በ1997 የነጋዴው ፍርሃት የሚታየው በወርቅና በጥቁር ገበያ ዶላር ብቻ ነበር። አሁን ፍርሃቱ በቁጥር የሚነበብበት ሰሌዳ ተከፍቷል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ከምርጫ ቦርድም ከፓርላማም ሁለት ነገር ሊጠይቅ ይገባል። አንደኛ፣ የውጤት ማጽደቂያው ቀን ከአቤቱታው ጊዜ ጋር ከምርጫው ቀድሞ ይታወጅ፤ ከተራዘመም እስከ ስንት ቀን እንደሆነ ይነገር። ሁለተኛ፣ ከድምፁ ቀን እስከ መስከረሙ ሰኞ ባለው ጊዜ ተሰናባች ምክር ቤት በጀቱን ያጽድቅ፣ ግድ ነውና፤ የግብርና የመሬት አዋጅ ግን ለተመራጮቹ ይቆይ።

ለአስኮ ደላሎችና ደንበኞቻቸው ደግሞ አንድ ቃል። ውል ላይ «ቀሪው ክፍያ ምርጫው ሲያልፍ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ሲካሰሱ ዳኛው የትኛውን ቀን እንደሚወስድ ማንም አያውቅም። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ።