ውሃው ከቦዩ ጫፍ ይድረስ

በአማራ ክልል በመራዊ ከተማ አቅራቢያ ያለው የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይዞ 7 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። የአካባቢው ገበሬ በበጋም ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት እንዲያመርት ማስቻሉ አይካድም። በየዓመቱ በመስኖ ሪፖርት ደምቆ የሚቀርበው ግን የለማው ሄክታር ብዛት ነው። ሄክታሩ ስንት ጊዜ ውሃ ጠጣ? ይህን የሚጠይቅ የለም።

ለገበሬው ቁም ነገሩ እሱ ነው። ሽንኩርት ራስ በሚቋጥርበት ሰሞን አንድ የውሃ ተራ ካመለጠው ያንሳል፤ ያነሰውን ነጋዴ በወረደ ዋጋ ያነሳዋል። ስንዴም ሲያብብ ከተጠማ ዛላው ፍሬ አይሞላም። የዘሩና የማዳበሪያው ዕዳ ግን ያው ነው፤ አይቀነስም።

ጉዳቱም ለሁሉም እኩል አይደርስም። ማሳው ከዋናው ቦይ አጠገብ ያለ ሰው ከሚበቃው በላይ ያጠጣል። ከታች ያለው ተራው ሲደርስ የሚያገኘው ደለልና አረም በሞላው ቦይ አልፎ፣ በየመንገዱ ተጠልፎ የተረፈውን ነው። ውሃው እንዳይሰረቅ ሌሊት ቦይ ዳር ማደር ያለ ረዳት ልጆች ለምታሳድግ እናት የሚሞከር አይደለም። መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ከምርቷም ግማሹን ታጣለች።

ግድቡ ባለበት በሜጫ አካባቢ ባሕር ዛፍ የእርሻ መሬቱን እየወረሰ መምጣቱ ብዙ ተብሎለታል። ገበሬውን መውቀስ ይቀላል። ባሕር ዛፍ ግን የውሃ ተራ አያስጠብቅም፤ ዋጋ ቢወርድ እንኳ ቆሞ ይጠብቃል።

የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ማኅበሩ ተራ የሰረቀን ሰው ሲቀጣ ቀበሌው በሽምግልና ስም የሚያስምር ከሆነ አዋጁ ወረቀት ብቻ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋውን የበጋ መስኖ ስንዴ እንደግፋለን። ሆኖም ነባሩ ማሳ ተጠምቶ እያለ አዲስ ሄክታር መጨመርን እንቃወማለን።

የክልሉ የመስኖ ኃላፊዎች ዘር ከመዘራቱ በፊት የግድቡን ውሃ ለክተው ለስንት ሄክታር፣ ስንት ተራ እንደሚበቃ ለገበሬው በግልጽ ይንገሩት። ውሃው ካነሰ ከላይም ከታችም እኩል ይቀነስ። የተራው ሠንጠረዥም ለመጪው በጋ በየቀበሌው ይለጠፍ።