እያደር የማይጠራ እውነት

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አበው። ይህ ብሂል የሚያጽናናንን ያህል የሚያዘናጋን ይመስለኛል። ንጋት ማንንም ሳይጠብቅ ይመጣል፤ እውነት ግን ሰው ካልቆመለት አይመጣም። ምስክር ይሞታል፤ መቃብር ይሰምጣል፤ ጥይት የበሳው ግድግዳ ተመርጎ ይታደሳል። ያልተመዘገበ ግፍ ቀን በገፋ ቁጥር ይደፈርሳል እንጂ አይጠራም።

ይህን እንዳስብ ያደረገችኝ በሰሜን ጎንደር፣ በዳባት ወረዳ የምትገኘው ጭና ተክለሃይማኖት ናት። ነሐሴ 25 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ገበሬው አሮጌውን ዓመት ሊሸኝ በሚሰናዳበት ሰሞን፣ የትግራይ ኃይሎች ወደዚህች መንደር ገቡ። በአካባቢዋ ከፌዴራሉ ጦርና ከአማራ ሚሊሻዎች ጋር ውጊያ ተደረገ። ኃይሎቹ ነሐሴ 29 ለቀው ሲወጡ የቀረው ሬሳ መሰብሰብ ነበር። የአካባቢው ባለሥልጣናት የሟቾቹ ቁጥር 120 መድረሱን ተናገሩ፤ ሕወሓት አስተባበለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በእነዚያ አምስት ቀናት 26 ሲቪሎች በ15 የተለያዩ አጋጣሚዎች መረሸናቸውን የነዋሪዎቹን ቃል ይዞ አስታወቀ። አምነስቲ ኢንተርናሽናልም በዚያው ዓመት የካቲት ግድያውንና በጭና ሴቶች ላይ የተፈጸመውን አስገድዶ መድፈር ይፋ አደረገ።

120 እና 26። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት የግድ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም። አንዱ የተገኘ አስከሬን ይቆጥራል፤ ሌላው አሟሟቱ በምስክር የተነገረለትን ብቻ ይቆጥራል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል የቀረው ሰው የማን ልጅ ነበር? በተኩስ ልውውጥ መካከል ወደቀ ወይስ በደጃፉ ተረሸነ? ትእዛዙን የሰጠውስ ማን ነው? ዳኛም ወላጅም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

መልሱን ይሰጣሉ የተባሉት አካላት ግን ወይ ቀድመው ቆሙ፣ ወይ ዘገዩ። የተባበሩት መንግሥታትና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የጣምራ ምርመራ የሸፈነው እስከ ሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. የነበረውን ጊዜ ነው፤ ጭና የተገደለችው ከዚያ ሁለት ወር በኋላ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የተሰየመው የባለሙያዎች ኮሚሽንም በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ዘመኑ ሳይራዘምለት ተበተነ። የጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት የሽግግር ፍትሕን ቃል ገባ፤ ፖሊሲው በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው ግን በሚያዝያ 2016 ነው። በዚህ መካከል በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተነሣ። በአሮጌው ሐዘን ላይ አዲስ ተደረበበት።

«ቁስል አይነካካ፤ ይቅር ተባብለን እንለፈው» የሚሉ አሉ። ቅን ልብ ያላቸው ብዙዎች እንደሆኑ አልጠራጠርም። ይሁንና የገዛ ባህላችን ከእነርሱ ጋር አይስማማም። የነፍስ ነገር በሽምግልና ሲያልቅ፣ ሽማግሌዎችና ካህናት መስቀል ይዘው የሟችን ወገን ደጅ የሚጠኑት የገዳይ ወገን ጥፋቱን ካመነ በኋላ ነው። «እኔ ነኝ» የሚል ሳይኖር ካሳም ዕርቅም የለም። ባለቤቱ ያልታወቀ ደም ከማን ጋር ይታረቃል? ለበቀል በር የሚከፍተውም ይኸው ነው፤ ገዳዩ በስሙ ካልታወቀ ጥርጣሬው በዘሩ ሁሉ ላይ ያርፋል። በአንጻሩ ስሙ የታወቀ ወንጀለኛ ሕዝቡን ከወል ክስ ያድናል።

አባቶቻችን አውጫጭኝ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ጥፋት ሲፈጸምና አጥፊው ሲሰወር አገሬው በሙሉ ይሰበሰባል፤ አጥፊው ሳይጠቆም ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ቂመኛ ንጹሑን ሊያስይዝ ይችል ነበርና አውጫጭኝ ይመለስ አልልም። ከሥሩ ያለው ሐሳብ ግን ዛሬም ያስፈልገናል፦ እውነቱ በሕዝቡ ዘንድ አለ፤ ሳይነገር መበተን አይቻልም።

መዝገብ ምን እንደሚሠራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ደርግ በ1970 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ 75 እስረኞችን ገደለ። ከ39 ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም.፣ የሄግ ፍርድ ቤት እሸቱ ዓለሙን በዚያና በሌሎች ወንጀሎች ጥፋተኛ ብሎ ዕድሜ ልክ ፈረደበት። ይህ የሆነው በጊዜ ብዛት አይደለም። ወረቀት የጠበቀ ስለነበረ፣ በስደት አገር ሆኖ ቃሉን የሰጠ ስለነበረ ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ልዩ ፍርድ ቤቱ እስኪቆም አንጠብቅ። ማን የት እንደተቀበረ የሚያውቁት የደብሩ ካህናትና የዕድሩ ሰዎች ናቸው። የሟቹ ስም፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ ያየው ሰው ቃል ይጻፍ፤ ቅጂውም ደብዳቤ ከማይጠፋበት፣ ምስክር ከማይጋለጥበት ቦታ ይቀመጥ። የጭና ብቻም አይደለም። የማይካድራም፣ የአክሱምም፣ የቆቦም እንዲሁ ይጻፍ። የራሱን ወገን ሙት ብቻ የሚቆጥር ሰው ፍትሕ ፈላጊ ሳይሆን ተከራካሪ ነው፤ የአክሱሟ እናት ጥያቄ ከጭናዋ እናት ጥያቄ በምንም አይለይም።

ቤተ ክርስቲያናችን ለሟች የዐርባውን፣ የሰማንያውን፣ የዓመቱንና የሰባት ዓመቱን መታሰቢያ ታደርጋለች። የጭና ሙታን ሰባተኛ ዓመት ነሐሴ 2020 ዓ.ም. ላይ ይውላል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ነውና ቤተሰቡ ያን ቀን አይዘነጋውም። እኛ ሌሎቻችን ግን እስከዚያ የእያንዳንዱን ሟች ስም በወጉ ጽፈን እንድንደርስ ልቡና ይስጠን።