“ይፈቅዳሉ?” የሚለው የኮምፒውተር ጥያቄ ሲጠፋ በሩ ለማን ይከፈታል?

በጅቡቲ ከተማ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ ኮምፒውተር ቢገጥመው አይደንቅም። የግዕዝ መጻፊያ ሊጭን ሲል ስክሪኑ ደብዘዝ ይልና ጥያቄ ይቀርብለታል፦ ይህ ፕሮግራም በመሣሪያዎ ላይ ለውጥ እንዲያደርግ ይፈቅዳሉ? ምርጫው “ዊ” ወይም “ኖን” ነው። ቋንቋውን በቅጡ ለማያነብ ሰው “ዊ” ብሎ ማለፍ ልማድ ይሆናል። ከልማዱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄውን ጨርሶ ማጥፋት ነው።

ማይክሮሶፍት ይህንን ጥያቄ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው የቤት ተጠቃሚ በሙሉ ሥልጣን ስለሚሠራ፣ የከፈተው ፕሮግራም ሁሉ ያንኑ ሥልጣን ይወርስ ነበር። ጥያቄው ሰውን አሰለቸ። እንዲያውም በ2008 አንድ የኩባንያው ኃላፊ ማሰልቸቱ ታስቦበት የተደረገ መሆኑን በአደባባይ ተናግረዋል፤ ዓላማው ሶፍትዌር ሠሪዎች ያለ ሙሉ ሥልጣን የሚሠራ ምርት እንዲያዘጋጁ መግፋት ነበር። በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 የጥያቄውን ብዛት ቀነሰ።

ለኢትዮጵያውያን ጉዳዩ ከመሰልቸት ያለፈ ነው። የካናዳው ሲቲዝን ላብ በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ምርመራ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ የመንግሥት ተቺዎች የቪዲዮ ማጫወቻ ማሻሻያ በሚመስል ፋይል የስለላ ሶፍትዌር እንደተላከባቸው አረጋግጧል። ከዒላማዎቹ አንዱ ያኔ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን ይመሩ የነበሩት ጃዋር መሐመድ ነበሩ። ሶፍትዌሩ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ምርት ሲሆን፣ ማጥመጃ ከሆኑት ገጾች አንዱ የታወቀ የኤርትራውያን የቪዲዮ ድረ ገጽን አስመስሎ የተሠራ ነበር። ወጥመዱ በተጠቂው እጅ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የሚጭነው ራሱ ባለቤቱ ነውና።

ሆኖም ጥያቄው ሁሉን አዳኝ አይደለም። ፍርድ ቤት “ኪዳኔ” በሚል የሽፋን ስም የሚያውቃቸው የሜሪላንድ ነዋሪ ኮምፒውተራቸው የተጠቃው በኢሜይል በደረሳቸው ሰነድ አማካይነት ነው። በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ያቀረቡትን ክስ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 አልተቀበለውም፤ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም በሚል። የግል ፋይል ለመስረቅ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ ማይክሮሶፍትም ጥያቄውን እንደ ጽኑ የደኅንነት አጥር አይቆጥረውም።

ቢጠፋ ግን ሠርጎ ገቡ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን በሙሉ ለመቆጣጠር ማንንም አይጠይቅም። በጋራ ኮምፒውተር ደግሞ የአንዱ ግድየለሽነት የሌላውን የባንክ የይለፍ ቃል ያጋልጣል። የተሻለው መንገድ ለዕለት ሥራ ተራ አካውንት ከፍቶ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ለብቻ መያዝ ነው። ያኔ “ዊ” ብሎ ማለፍ ብቻውን አይበቃም፤ የይለፍ ቃሉም ይጠየቃል። አሳታሚው አልታወቀም የሚል ቢጫ ምልክት ከታየ ደግሞ ፋይሉ ከየት እንደመጣ ሳያጣሩ አለመጫን ነው።